ለወለተ ኪዳን የተቆፈረው መቃብር

ሰው በኔ ምክንያት ሲያስመልሰው ደስ ይለኝ የነበረበት ዘመን ነበር። ክፉ ናት ብላችሁ ቶሎ አትፍረዱብኝ፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደባርቅ ውስጥ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ነጭ ጋውን ለብሼ መድኃኒት እሸጣለሁ። ስሜ ማስተዋል ነው፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው ግን ጋውን የለበሰችን ሴት ሁሉ «ሲስተር» ስለሚል እኔም ሲስተር ሆኜ ቀረሁ። በሥራ ሰዓት ስለ ጨጓራና ስለ ደም ግፊት አወራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ እጽፋለሁ። የጻፍኩት የፍቅር ታሪክ አልነበረም። «ዋሻው አይጠግብም» የሚል አስፈሪ ልቦለድ ነው። ሥራ አገኝላችኋለሁ እያለ ልጃገረዶችን ከገበያ የሚወስድ አንድ ሰው አለ፤ ገደል ውስጥ ባለ ዋሻ ያስገባቸውና የሚያደርጋቸውን ያደርጋቸዋል። እኔም የሚያደርገውን አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩት። የሰውነት ክፍል ሁሉ በስሙ ተምሬያለሁ፤ የትኛው ሲነካ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ አራት ዓመት ኮሌጅ የተማርኩትን በሙሉ እዚያ ላይ አፈሰስኩት። ሽፋኑ ላይ ግን የወንድ የብዕር ስም አደረግሁ። ያላገባች የደባርቅ ልጅ ይህን ጻፈች ቢባል እናቴ እጄን ይዛ በቀጥታ ጸበል ነበር የምትወስደኝ።

መጽሐፉ አዲስ አበባ ታትሞ ጥቂት ቅጂ ደባርቅ ሲደርስ ጌጡ እጅ ገባ። ጌጡ መናኸሪያው አጠገብ በቆርቆሮ ሱቅ መጽሐፍ የሚያከራይ፣ አንዱንም ሳያነብ ስለ ሁሉም አስተያየት ያለው ሰው ነው። ደራሲዋ እኔ መሆኔን እሱም አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ አሁንም ልቤ ይመታል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሹፌር መድኃኒት ቤቱ መጣና ለልብ ምት የሚሆን ነገር ጠየቀኝ። መቼ እንደጀመረው ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «መጽሐፍ አንብቤ ነው» አለ። ውሃ ጠጣ ብዬ ሸኘሁትና ጓዳ ገብቼ እየዘለልኩ ሳቅሁ። በማግስቱ አንድ መምህር ለሚስቱ የማስታወክ ማስታገሻ ሊገዛ መጣ። ጾም በተፈታ ሳምንት ደግሞ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ጥሬ ሥጋ የሚበላ ጠፋብኝ፣ ደራሲውን እከሰዋለሁ እያለ ሲዝት ሰማሁ። አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መጽሐፉን ይዘው እንዳይገቡ ከለከለ፤ ከዚያ ወዲያ ጌጡ ለመከራየት የሚመጣውን ሰው ስም በተራ መመዝገብ ጀመረ።

የኪራይ መጽሐፍ ጠርዝ ላይ ሰው እንደሚጽፍ ታውቃላችሁ። አንዱን ቅጂ ራሴ ተከራይቼ ሳየው ዘጠነኛው ምዕራፍ መግቢያ ላይ አንዱ «ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ በኋላ ውሃ ይዛችሁ ግቡ» ብሏል። ሌላው «ደራሲው ጸበል ይግባ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ በሌላ እጅ «ጸበሉም ያዝንለታል» ተብሎበታል። አንዷ ደግሞ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ምን ይሻለኛል?» ብላለች። ቤቴ ወስጄ እንደ ፍቅር ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኳቸው። ባንክ የምትሠራ ጓደኛዬ ብቻ «ይህ አገር በዓይኑ ያየው አይበቃውም?» ብላ ነበር። ነገሩ ትንሽ ቆረቆረኝ፤ ቶሎ ረሳሁት።

ዘጠነኛው ምዕራፍ ሰው ሁሉ መጽሐፉን የሚዘጋበት ቦታ ነው። እዚያ የምትሞተው ልጅ ዓለማዊ ስሟ አልተጠቀሰም። ትንፋሿ ሊያልቅ ሲል የክርስትና ስሟን ብቻ ትናገራለች፤ ወለተ ኪዳን ነኝ ትላለች፤ እዚያ ማዶ የሚቀበላት ማን እንደመጣች እንዲያውቅ። ከዚያ ዋሻው ውስጥ ሳትቀበር ትቀራለች። ይቺን ነገር ስጽፋት በራሴ ኮርቼ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ረፋድ ላይ መሪጌታ ልሳነ ወርቅ መድኃኒት ቤቱ ገቡ። አውቃቸዋለሁ። ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ ሳንቃ በር ሳይደረስ ገደሉ ጫፍ ላይ ካለች ወይራ አፋፍ ከምትባል መንደር በየወሩ የዓይን ጠብታ ሊወስዱ ይመጣሉ። በመንደሩ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳሉ፣ የዜማውን መጽሐፍ ድጓንም ያስተምራሉ። ጠብታውን ብሰጣቸውም አልሄዱም። ሌላ ገዢ እስኪወጣ ጠብቀው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ።

«ሲስተር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ቢፈለግ በምን ይገኛል?»

የቱ መጽሐፍ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ትከሻቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ማኅደር አወረዱ፤ ዳዊት የሚያዝበትን የቆዳ ማኅደር። ከዚያ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ፈቱት። «ዋሻው አይጠግብም» ነበር። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸው ግን የሚሳቅበት ፊት አልነበረም።

ነገሩን ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከመንደራቸው ደሳለኝ የሚባል፣ ቱሪስት በበቅሎ የሚያዞር ጎልማሳ አለ። መጽሐፉን ከጌጡ ተከራይቶ ወሰደና ማንበብ ለማይችሉት እናቱ ለእማማ ውዴ ያነብላቸው ጀመር። ጎረቤት ሰማ፣ መጣ፤ መንደሩ ሁሉ መጣ። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ዋሻው ያለበት ቦታ ተዘርዝሮ ይነበባል። ገደሉ መሐል ነጭ መስመር የወረደበት ድንጋይ፣ ዋሻው አፍ ላይ የቆመች አንዲት ወይራ፣ በግራ በኩል ምንጭ፣ ከላይ ቤተ ክርስቲያን። መንደሩ በየቀኑ የሚያየው ገደል ነው።

እውነቴን ልንገራችሁ፣ ገደሉ እሱ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለክትባት ዘመቻ ወይራ አፋፍ ሁለት ቀን ሰንብቼ ነበር። ያን ዋሻ ከአፋፉ ላይ አይቼው ከልቤ አልወጣ ስላለ የመንደሯን ስም ቀይሬ የቀረውን እንዳለ ቀዳሁት። ማን ያውቀዋል ብዬ ነበር።

መሪጌታ ቀጠሉ። ደሳለኝ እናኑ የምትባል እህት ነበረችው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ደላላ ሥራ አስገባሻለሁ ብሎ ከደባርቅ ገበያ ይዟት ሄደ። በመተማ በኩል ወጣች የሚል ወሬ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። ሕፃን ሳለች ያጠመቋት መሪጌታ ራሳቸው ናቸው።

«የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው» አሉኝ። «ነገ ጠዋት ከጸሎተ ኪዳን በኋላ ደሳለኝ በገመድ ይወርዳል። መቃብሩ ተቆፍሯል፣ አቡጀዲው ተገዝቷል፤ ፍትሐት አድርገን አፅሟን እንቀብራለን። የጻፈውን ሰው የምፈልገው አፅሟ በየት በኩል እንዳለ እንዲነግረኝ ነው፤ ልጁ ሲፈልግ እዚያ ውስጥ እንዳይቆይ።»

ያን ገደል አይቼዋለሁ። ድንጋይ ቢወረወርበት ሲያርፍ ድምፁ አይሰማም። ደሳለኝ ሊሞት ነው፤ የሚሞተው ደግሞ እኔ ለፈጠርኳት ልጅ ነው።

«መሪጌታ፣ ይሄ'ኮ ልቦለድ ነው። ፈጠራ ነው፤ የሆነ ነገር አይደለም» አልኳቸው።

«ልቦለድ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ልጄ። ንጉሥ ይፈጠራል፤ ሽፍታም ይፈጠራል። የክርስትና ስም ግን እንዴት ተደርጎ ይፈጠራል? ካህን ሳያጠምቃት፣ ውሃ ሳይነካት ወለተ ኪዳን የምትባል ሰው የለችም። ልጅቷ ስሟን ስትናገር የሰማ ሰው ነው ይህን የጻፈው።»

«እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴን አሰብኩ፣ አሠሪዬን አሰብኩ፣ ያን መጽሐፍ ጽፋ ጋውን ለብሳ ትሥቃለች የሚለኝን ሰው ሁሉ አሰብኩ። «እጠይቅልዎታለሁ» ብቻ አልኩ። መጽሐፉን በጨርቁ ጠቅልለው ወደ ማኅደሩ መለሱት፤ ጎንበስ ብለው አመስግነውኝ ወጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ምስጋና የከበደኝ ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ጌጡ ዘንድ ሄጄ የደሳለኝን ስልክ ተቀበልኩ። አሥር ጊዜ ብደውል አልገባልኝም፤ ወይራ አፋፍ ኔትወርክ የሚገኝባት አንዲት ድንጋይ ብቻ ናት፣ ሰው ደግሞ እንዳጋጣሚ ነው የሚቆምባት። በማግስቱ ገና ሳይነጋ መድኃኒት ቤቱን እንደተቆለፈ ትቼ ወደ ጃናሞራ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሰቀልኩ።

ጭነቱ ላይ ስድስት ሰው ነበርን፤ ከሳሙና ካርቶንና ከስኳር ጆንያ ጋር ተዳብለን። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። የተሳፋሪው ወሬ ሁሉ የወይራ አፋፍ ወሬ ነው። ከጎኔ ጋቢ የተከናነበ ገበሬ ነገሩን ያላወቅሁ መስሎት ከሥር ጀምሮ ተረከልኝ፤ ደራሲው ጎንደር ታስሮ የነበረ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ሊሞት ሲል ለንስሐ አባቱ የተናዘዘውን ነው መጽሐፍ ያደረጉት አለኝ። አንዲት ሴት የለም፣ ሰይጣን ነው ያጻፈው አለች። ገበሬው ተቆጥቶ ሰይጣን የክርስትና ስም አይጠራም ብሎ መለሰላት። ሌላ ቀን ቢሆን እንደዚህ ባለ ክርክር መሐል ተቀምጦ እንደመስማት የሚያስደስተኝ ነገር አልነበረም። ያን ጠዋት ግን አይሱዙው ዳገቱን ሲያቃስት በእግሬ የምገፋው ይመስል ወለሉን እረግጥ ነበር።

መገንጠያው ላይ ወርጄ ሮጥኩ። የገብሱ ማሳ በጉም ተሸፍኗል፤ መንገዱን ያገኘሁት በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው። ቅጥሩን ዞሬ ወደ ገደሉ ስቀርብ መንደሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ቆሟል። ስምንት ወንዶች ወደኋላ ተዘርግተው ገመድ ይዘዋል፤ ገመዱ አንድ ትልቅ የጽድ ግንድ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ጉሙ ውስጥ ይገባል። ተወጥሯል። ደሳለኝ ወርዷል።

«መልሱት፤ ዋሻው ውስጥ ምንም የለም» አልኩ።

ገመድ ያዦቹ ዞረውም አላዩኝም። መሪጌታ መስቀላቸውን እንደያዙ መጡና ክንዴን ያዙኝ። ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። ዋሻውን ለክትባት ስመጣ ነው ያየሁት፤ ልጅቷ የለችም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኳት። አንዳንዱ አዘነልኝ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ። ሲስተር ደንግጣ ነው፣ ውሃ ስጧት አሉ። የወንድ ስም ነው ያለው፣ ደግሞስ አንድ ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ታውቃለች አሉ። በዚህ መሐል ገመዱን አየሁት። ከላይ ያለው የጭነት መኪና ናይለን ነው፤ ታች ያለው ግን የበቅሎ ጭነት የሚታሰርበት ጠፍር ነው፣ መጫኛ፣ ሦስቱን ደርበው ገምደውታል። የናይለኑና የጠፍሩ ቋጠሮ ልክ የገደሉ ከንፈር ላይ ደርሶ ስለት በመሰለው ድንጋይ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጠፍሩ ተልጦ ነጭ ሆኗል።

«መሪጌታ፣ ልጁ ሊሞት ነው» አልኳቸው።

መሪጌታ ክንዴን ለቀቁ። ከዚያ መስቀሉን ወደኔ ዘረጉ።

«ይህን ተሳልመሽ ንገሪኝ። ስሙን ከየት አመጣሽው?»

ተሳለምኩ። ያን ምዕራፍ ስጽፍ ለልጅቷ ስም አጥቼ ነበር። የሰው ስም እንዳላወጣላት ሟርት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ፤ በማውቀው ሰው ስም ያን ሁሉ መከራ መጻፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ማንም ላይ ሟርት የማይሆነውን ስም ሰጠኋት።

«የኔ ነው፣ አባቴ። ወለተ ኪዳን እኔ ነኝ። ዳባት ሚካኤል ነው ክርስትና የተነሳሁት።»

መስቀል ተሳልሞ በክርስትና ስሙ የሚዋሽ ሰው በዚያ አገር የለም፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። መሪጌታ ወደ ገመድ ያዦቹ ዞረው «ሳቡት» አሉ።

መሳብ ጀመሩ። ገመዱ ባዶውን ላላ ብሎ መጣ። ደሳለኝ ፈቶታል፤ መልሰው አወረዱት። ዋሻው ውስጥ ገብቶ እየፈለገ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደጠበቅን አላውቅም። ስሙን ጠራን፤ ነፋሱ ድምፃችንን ወደኛው ይመልሰዋል። እኔ በሆዴ ወደ ከንፈሩ ተስቤ የተላጠውን ጠፍር ያዝኩ፤ አንድ ሰው እግሬን ይዞኛል። በእጄ የገባውን ነገር ሁሉ፣ የራሴን ነጠላ ሳይቀር፣ ድንጋዩና ጠፍሩ መሐል ጎሰጎስኩ። በመጨረሻ ገመዱ ሦስት ጊዜ ተሳበ፤ ምልክታቸው ነው። ስምንቱ ሰዎች እየተነፈሱ ሳቡ። መሐል ላይ ከሦስቱ የጠፍር ድርቦች አንዱ ፊቴ ላይ ተበጠሰ። ሰው ሁሉ «እግዚኦ» አለ፣ በአንድ ድምፅ። ገመዱ ክንድ ያህል ወደታች ሾለከና ቆመ። ሁለቱ ድርብ ያዙ። ከዚያ መጀመሪያ ፀጉሩን፣ ቀጥሎ የደማውን እጁን አየሁና እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ደሳለኝ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። ደረቱ ላይ በአቡጀዲ የተጠቀለለ ነገር አስሯል። ሴቶቹ ሙሾ ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ መሪጌታ እጃቸውን አነሱ። ወደኔ አዩ። ጥቅሉን ፈታሁት። ትናንሽ ነጫጭ አጥንቶች ነበሩ፤ መሐላቸው አንድ መንጋጋ። መንጋጋው ላይ የጣቴን ግማሽ የሚያህል ክራንቻ አለ።

«ጭላዳ ነው» አልኩ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደል ላይ ነው የሚያድሩት።

ደሳለኝ መንጋጋውን ከእጄ ወስዶ አሁን በብርሃን አየው። ጭላዳ ለፈረንጅ ማሳየት የዘወትር እንጀራው ነው። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየሁት ድምፅ ከውስጡ ወጣ። እጁን ሳጥብለትና ሳስርለት መሪጌታ የሆነውን ነገሩት። ጨርቁን ቋጥሬ ስጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«መንደሩን ነግረሽዋል» አለኝ። «እናቴን ግን አንቺ ራስሽ ንገሪያት።»

ከገደሉ የባሰ የከበደኝ ይሄ ነው። እማማ ውዴ ገደሉ ጋ አልመጡም፤ የልጃቸውን መውረድ አላይም ብለው ከአዲሱ መቃብር አጠገብ ተቀምጠዋል። የተቆፈረው አፈር ገና እርጥብ ነው። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። የተረፈውን አቡጀዲ አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል። ከፊታቸው ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። እርግማናቸውን እየጠበቅሁ አንገቴን ደፋሁ።

«ደሳለኝ ደኅና ነው?» አሉ መጀመሪያ።

ደኅና ነው አልኳቸው።

«ልጅቷ እንግዲህ እናት የላትም ማለት ነው?»

«የለችም'ኮ እማማ። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

«እሱን ሰማሁ። እናት ሰጥተሻት ነበር ወይ ነው የምልሽ።»

አልሰጠኋትም ነበር። በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ ያቺ ልጅ እናት እንደሚያስፈልጋት አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

«ያን ሁሉ ስታደርጊባት አብረሻት ነበርሽ?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ግን ያን ምዕራፍ የጻፍኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ጆሮዬ ላይ ዘፈን ሰክቼ፣ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ይቺን ሲያነቡ ምን ይሆኑ ይሆን እያልኩ እስቅ ነበር። አልነበርኩም አልኳቸው።

እማማ ውዴ አቡጀዲውን በእጃቸው ደለደሉት።

«ደሳለኝ እዚያ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይዘጋበታል። እንዝለለው እማዬ ይለኛል። ጎረቤቱም ተነሥቶ ይወጣል። ከተማም ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚዘጋው አሉኝ። እኔ አራት ጊዜ አስነበብኩት። የኔ ትሁን የሌላ ሰው፣ አልለየሁም ነበር። ታዲያ ብቻዋን ልተዋት?»

አንባቢዎቼ፣ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። እሳቸው አላለቀሱም። ጨርቁን ብብታቸው ውስጥ ከተው ተነሡ፤ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው አዩና «ድፈኑት» አሉ ለቆፋሪዎቹ። «የኔዋ እንግዲህ መንገድ ላይ ናት።»

ይህን ካወራሁ በኋላ አስፈሪ መጻፍ ትታለች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። አሁንም እጽፋለሁ፤ ደሙንም አልቀነስኩም፤ ባጃጅ ነጂውም አሁንም ውሃ ይዞ ነው የሚያነበኝ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ለዓመታት የኩራቴ ምክንያት አንባቢዬ መጽሐፉን የሚዘጋበት ቅጽበት ነበር። ሰውን ካባረርኩ ያሸነፍኩ ይመስለኝ ነበር። ማንበብ የማይችሉ አንዲት ሴት ግን ሁሉም ሲሸሽ ለአራት ጊዜ ቁጭ ብለው፣ እኔ ራሴ ጥያት የሄድኩትን ልጅ አስታመሟት። ጓደኛዬ «ያየው አይበቃውም?» ስትል ምን ማለቷ እንደነበረም ያን ቀን ገባኝ። መከራውን አታሳዪን ማለቷ አልነበረም፤ ስታሳዪን አንቺም ቁሚ ማለቷ ነው። አሁን ሰው የሚሞትበት ገጽ ላይ ስደርስ ዘፈን የለም፣ ቆሎም የለም። እስኪያልቅላቸው አብሬ እቀመጣለሁ፤ አንዳንዴ አንዷን ገጽ ሳምንት ትወስድብኛለች።

ሁለተኛው እትም ሲወጣ ስሜን ሽፋኑ ላይ አደረግሁት። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፤ አልቀረልኝም። ዘጠነኛው ምዕራፍም አልተቆረጠም። ልጅቷ እናት አላት አሁን።

ባለፈው ጥር አዲሱን ረቂቅ ይዤ ወይራ አፋፍ ወጣሁ። ከእናኑ እስካሁን ወሬ የለም። ደሳለኝ በቅሎዎቹን ይዞ ጊች ሄዶ ነበርና ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እማማ ውዴ ጥጥ እያባዘቱ ይሰሙኛል። አንዲት አሮጊት ብቻዋን የምትሞትበት ገጽ ላይ ስደርስ ድምፄ ተያዘ፤ ከፈለጉ ነገ እንቀጥላለን አልኳቸው። እሳቸው ጥጡን አስቀመጡ፤ መደቡ ላይ ጠጋ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንብቢ» አሉኝ። «አለሁ።»

አነበብኩ።